ፍርሃት ወደ ኋላ ሲጎትት

በጄኔቫ ከተማ እምብርት ፕላንፓሌ የሚባል ሰፊ ሜዳ አለ። መሬቱ ቀይ ጠጠር የፈሰሰበት ነው። ረቡዕና ቅዳሜ ነጋዴዎች ጠረጴዛቸውን ዘርግተው ያረጀ ሰዓት፣ የሸክላ ሙዚቃ፣ ጆሮው የተሰበረ ስኒ ይቸረችሩበታል። ሌላ ጊዜ ሰርከስ ድንኳኑን ይተክልበታል። በአንደኛው ጎን ግን ጠጠሩ ያበቃና ለስላሳ ኮንክሪት ይጀምራል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተው የስኬትቦርድ ሜዳ ነው፤ ስፋቱ 3,000 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። ጉብታ አለው፣ ደረጃ አለው፣ የብረት መደገፊያ አለው፤ ውሃው እንደተለቀቀ የመዋኛ ገንዳ ወደ ታች የተጎደጎዱ ስፍራዎችም አሉት።

ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ከእነዚህ ገንዳዎች በአንዱ ጠርዝ ላይ አንዲት ጀማሪ ልጅ መቆሟ አይቀርም። የቦርዷን ጭራ በኋላ እግሯ ጠርዙ ላይ ረግጣዋለች። የፊት ጎማዎቹ አየር ላይ ተንጠልጥለዋል። ከፊቷ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ቁልቁለት አለ። ከዚህ በኋላ የሚቀራት የፊት እግሯን ከፊተኞቹ ጎማዎች በላይ ባሉት ብሎኖች ላይ አሳርፋ መላ ክብደቷን ወደ ቁልቁለቱ መጣል ብቻ ነው። ስኬተሮች ድሮፕ ኢን ይሉታል። ሁለት ሰከንድ የማይሞላ ነገር ነው። እሷ ግን አሥር ደቂቃ ቆማለች። ጓደኞቿ ሦስት ጊዜ ወርደው ሦስት ጊዜ ተመልሰዋል።

በመጨረሻ ትሞክራለች። ገና የፊት ጎማው ቁልቁለቱን ሲነካ ትከሻዋ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ክብደቷም ከፊት እግሯ ተነስቶ ወደ ኋላ እግሯ ይሄዳል። ቦርዱ ክብደቱ ሲነሳለት ከሥሯ ተፈትልኮ ይወጣል። እሷም በመቀመጫዋ ዱብ ትላለች።

ልብ ብሎ ላየው፣ ልጅቱን የጣላት ድፍረቷ አይደለም፤ በግማሽ ልብ መውረዷ ነው። ፍርሃቷ ከአደጋ ሊያድናት ወደ ኋላ ሳባት፤ የጣላትም ያው መሳቡ ሆነ።

በሌሎች አደጋ ያለባቸው ሥራዎችና ጨዋታዎችም ይኸው ይታያል። በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ጀማሪ ሲፈራ ወደ ኋላ ይደገፋል፤ ያኔ ሸርተቴው አልታዘዝ ይለዋል። ገደል የሚወጣ ሰው ሲፈራ አለቱን እቅፍ ያደርጋል፤ ሰውነቱ ወደ አለቱ በተጠጋ ቁጥር ግን እግሩ ከአለቱ ወደ ውጭ ይገፋል። የፈራ ጋላቢ ልጓም ያጠብቃል፣ ጭኑን ያጣብቃል፤ ፈረሱም ይብሱን ይደነብራል። ውሃ ውስጥ የደነገጠ ሰው እጁን ወደ ሰማይ ያወራጫል፤ ከውሃ በላይ የወጣ እጅ ደግሞ የቀረውን ገላ ወደ ታች ይሰዳል። ስለዚህ አካላዊ አደጋን መጋፈጥ የሚማር ሰው ዋና ፈተናው ልቡን ማጀገን ሳይሆን፣ ፈርቶም ቢሆን ገላው ትክክለኛውን ነገር እንዲያደርግ ማስለመድ ነው።

ድመቷና መርፌዋ

ስለ ፍርሃት ዛሬ ከምናውቀው አንዳንዱ ነገር ከሁለት የስዊዘርላንድ ከተሞች ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው።

በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ዋልተር ሩዶልፍ ሄስ የሚባል የፊዚዮሎጂ ሊቅ ነበር። በድመቶች አንጎል ጥልቅ ክፍል ውስጥ ቀጫጭን ሽቦዎች እያስገባ ደካማ ኤሌክትሪክ ይልክ ነበር። ኤሌክትሪኩ ሃይፖታላመስ የሚባለውን ክፍል በአንዳንድ ቦታ ሲነካው፣ በሰላም ተቀምጣ የነበረች ድመት በድንገት ጀርባዋን ትቀስራለች፣ ጸጉሯ ይቆማል፣ ጥርሷን እያሳየች ትነፋለች፣ ትቧጭራለች ወይም መሸሻ ትፈልጋለች። ውሻ አልመጣባትም፤ የሚያስፈራ ነገር የለም። የመከላከሉ ሥርዓት ግን እንደ አንድ ጓዝ ተጠቅልሎ አንጎሏ ውስጥ ተቀምጧል፤ ቁልፉ ሲነካ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይዘረገፋል። ሄስ በዚህ መስመር ባደረገው ጥናት በ1949 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ከገንዳው ጠርዝ ላይ የቆመችው ልጅም የምትታገለው ከዚህ ጓዝ ጋር ነው። አሚግዳላ የሚባለው የለውዝ ፍሬ የሚያህል የአንጎል ክፍል አደጋ ሲሸተው ለሃይፖታላመስ ያሳውቃል። አድሬናሊን ወደ ደም ይገባል። ልብ ይመታል፣ መዳፍ ያልበዋል፣ አፍ ይደርቃል፣ ጡንቻ ይገተራል፣ ጉልበት ይብረከረካል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ልጅቱ ነገሩን አስባ ሳትጨርስ ነው። «አትፍሪ» የሚለው ምክር እምብዛም የማይሠራውም ለዚህ ነው። ምክሩ የሚደርሰው ለሚያስበው አእምሮ ነው፤ ጓዙን የፈታው ሌላ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የጄኔቫ ነው። ከፕላንፓሌ ሜዳ ጥቂት ደቂቃ በእግር ሲኬድ ኡኒ ማይ የሚባለው የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ይገኛል፤ የሥነ ልቦና ፋኩልቲው ያለው እዚያ ነው። በከተማዋ የዚህን ትምህርት መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ ኤድዋርድ ክላፓሬድ ነበር። ክላፓሬድ በ1911 ስለ አንዲት የ47 ዓመት ታካሚ ጻፈ። ሴትዮዋ አዲስ ነገር በማስታወሻዋ አልያዝ ብሏት፣ በየቀኑ የሚያክሟትን ሐኪሞች እንኳ ሁልጊዜ እንደ አዲስ እንግዳ ትቀበላቸው ነበር። አንድ ቀን ክላፓሬድ በጣቶቹ መካከል መርፌ ደብቆ ሊጨብጣት እጁን ዘረጋ። ጨበጠችው፤ ተወጋች። ትንሽ ቆይታ ጉዳዩን ረሳችው። ሌላ ጊዜ እጁን ሲዘረጋላት ግን እጇን ሰበሰበች። ለምን እንደሆነ ሲጠይቃት ምን እንደደረሰባት ልትነግረው አልቻለችም፤ ሰው እጁ ውስጥ መርፌ ሊኖር ይችላል የሚል ሐሳብ እንደመጣባት ብቻ ገለጸች።

ሐበሻ ይህን ከጥንትም ያውቀዋል፤ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል። ክላፓሬድ ያሳየው የበረየው ሰው እባቡን ረስቶትም ቢሆን ሊበረይ እንደሚችል ነው። ገላ የራሱ ማኅደር አለው። በልጅነቱ ከዛፍ የወደቀ ሰው ታሪኩን ባያስታውሰው እንኳ፣ በአርባ ዓመቱ መሰላል ላይ ሲወጣ እግሩ ሊያስታውሰው ይችላል።

ታዲያ ይህ ማኅደር አይፋቅም? ሳይንቲስቶች እንደሚሉት የቆየው የፍርሃት ትዝታ አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም፤ ከላዩ ሌላ ትዝታ ይጻፍበታል። ሰውየው ከሚፈራው ነገር ጋር ደጋግሞ ይገናኛል፣ የጠበቀው ጉዳት አይደርስበትም፣ ገላው «እዚህስ ደህና ነኝ» የሚል አዲስ ነገር ይማራል። በ2011 በስዊዘርላንዷ ባዝል የሚሠሩት ዶሚኒክ ደ ኬርቫንና ባልደረቦቻቸው ከፍታ የሚፈሩ 40 ሰዎችን ወስደው በኮምፒውተር መነጽር በምናባዊ አሳንሰር ከፍ ከፍ እያደረጉ አለማመዷቸው። ከልምምዱ አንድ ሰዓት በፊት ገሚሶቹ 20 ሚሊግራም ኮርቲዞል፣ ሌሎቹ ምንም የሌለው ክኒን ዋጡ። ከአንድ ወር በኋላ ሲታዩ ኮርቲዞል የወሰዱት ፍርሃታቸው ይበልጥ ቀንሶ ተገኘ። ኮርቲዞል ገላችን ራሱ በጭንቀት ጊዜ የሚያመነጨው ሆርሞን ነው፤ ተመራማሪዎቹ እንደሚያስረዱት አዲሱ ትምህርት እንዲጸና ይረዳል። ክኒኑን የዋጡት ሁሉ ግን ልምምዱንም ሠርተዋል። አሳንሰሩ ላይ መውጣት ግድ ነበር።

መውደቅን መማር

ወደ ኮንክሪቱ እንመለስ። ጥሩ አሰልጣኝ ጀማሪን መጀመሪያ የሚያስተምረው መውረድ ሳይሆን መውደቅ ነው።

የጉልበት፣ የክርንና የእጅ አንጓ መከላከያ ይታሰራል፤ የራስ ቁሩ አገጭ ሥር ይጠብቃል። ከዚያ ልጅቱ ያለ ቦርድ፣ በጫማዋ ብቻ፣ በቁልቁለቱ ግማሽ ላይ ሮጣ በሁለት ጉልበቷ ተንበርክካ እንድትንሸራተት ይደረጋል። የጉልበቱ መከላከያ ጠንካራ ፕላስቲክ ኮንክሪቱ ላይ ሲፋቅ የድንጋይ ወፍጮ የመሰለ ድምፅ ያሰማል። በመጀመሪያው ጊዜ ፊቷን ታጨማድዳለች። በአምስተኛው ትስቃለች። በአሥረኛው አሰልጣኙ ሳይነግራት ወጥታ ትደግመዋለች። ቀጥሎ እጇን ወደ መሬት ዘርግታ መውደቅ እንደሌለባት ትማራለች፤ የተዘረጋ እጅ አንጓው ላይ ይሰበራል። በትከሻዋና በጎኗ መንከባለል፣ ገላዋን ማላላት ትለምዳለች። ያኔ «ብወድቅስ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኛል። የወደቀ ሰው ምን እንደሚያደርግ ገላዋ አውቋል።

ከዚያ ደረጃ በደረጃ ነው። መጀመሪያ ጉልበት ከማይደርስ ጠርዝ። ቀጥሎ ከወገብ። ከዚያ አሰልጣኙ ከፊቷ ቆሞ ሁለት እጇን ይዟት። ከዚያ በአንድ እጅ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ሳይነካት። እያንዳንዱ ደረጃ የሚያስፈራ፣ ግን የማያደነዝዝ መሆን አለበት። ፍርሃቱ ከሌለ ገላ አዲስ ነገር አይጽፍም፤ ፍርሃቱ ከበዛ የሚጻፈው ሌላ መርፌ ነው።

ጠርዙ ላይ ብዙ መቆምም አይረዳም። ልምድ ያላቸው ስኬተሮች እንደሚያውቁት ረጅም ማመንታት እግርን ያደርቃል። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ከሳቡት በላይ ረዘም አድርገው ማውጣት የልብን ምት ያረጋጋል። ከዚያ ዓይንን መሄጃው ላይ መጣል፣ «ፊት እግር» ብሎ ለራስ መንገር፣ ሦስት ቆጥሮ መውረድ። ለመውረድ ካልተወሰነ ደግሞ ቦርዱን አንስቶ መውረጃውን ለሌላ መልቀቅ። መካከለኛው፣ ማለትም እየወረዱ ማመንታት፣ ነው ሰውን የሚጎዳው።

በመውደቅ ቅጽበት ሰው ምን ይሰማዋል? ይህን ጥያቄ መጀመሪያ በሥርዓት የጠየቀው የዙሪኩ ሰው አልበርት ሃይም ሳይሆን አይቀርም። ሃይም ስመ ጥር የጂኦሎጂ ሊቅና ተራራ ወጪ ነበር። በ1871 በዜንቲስ ተራራ በረዶ ላይ ሲወርድ ነፋስ ባርኔጣውን መነተፈው። ይሂድ ማለት ሲገባው ሊይዘው እጁን ሰደደ፤ በዚያው ተንሸራቶ ከገደል ወደቀ። ተረፈ። በኋላ እንደጻፈው፣ በአየር ላይ ሳለ የተሰማው ሽብር አልነበረም። መነጽሩ ተሰብሮ ዓይኑን እንዳይጎዳው ማውለቅ እንዳለበት አሰበ፤ ከአምስት ቀን በኋላ ሊሰጠው የነበረው የመጀመሪያ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ እንደማይደርስም ታሰበው።

ሃይም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከውድቀት የተረፉ የተራራ ወጪዎችን፣ የጣሪያ ሠሪዎችንና የሌሎችን ታሪክ ሰበሰበ። በ1892 በስዊስ የአልፕስ ክበብ የዓመት መጽሐፍ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከ100 ሰዎች 95 በሚሆኑት ዘንድ ጭንቀትና ሕመም እንዳልነበረ፣ ሐሳብ እንደፈጠነና ጊዜ እንደረዘመ ዘግቧል። ጊዜው በእርግጥ ይረዝማል? በ2007 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሰዎችን ከ31 ሜትር ከፍታ ወደ መረብ ለቆ ይህን ፈትሿል። ሰዎቹ የራሳቸውን አወዳደቅ ከሌሎቹ አወዳደቅ በ36 ከመቶ አስረዝመው ገመቱ፤ ዓይናቸው ግን ከወትሮው የፈጠነ ነገር መለየት አልቻለም። የረዘመው ትዝታው ነበር። አንጎል በድንጋጤ ጊዜ ጥቅጥቅ አድርጎ ይመዘግባል። ጠርዙ ላይ አሥር ደቂቃ የቆመችው ልጅ የሚያስጨንቃት ውድቀት፣ ሲመጣ ከአንድ ሰከንድ አይበልጥም።

የሳሌቭ ልጆች

ከጄኔቫ ቀና ብሎ ወደ ደቡብ ላየ ሰው ሳሌቭ የሚባለው ተራራ ነጭ ገደሉን ያሳየዋል። ተራራው ያለው ከድንበሩ ማዶ በፈረንሳይ ምድር ነው፤ ጄኔቮች ግን የራሳቸው ሰገነት ያደርጉታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የከተማዋ ወጣቶች እሑድ እሑድ በዚህ ገደል መውጣት ልማድ አደረጉ። ከመወጣጫዎቹ አንዱ ቫራፕ ይባል ነበር። ስሙ እየሰፋ ሄዶ፣ ቫራፕ በፈረንሳይኛ ገደል መውጣትን የሚገልጽ ቃል ሆነ።

በዚህ ገደል ከሠለጠኑት አንዷ ሉሉ ቡላዝ ናት። በ1908 ተወለደች፤ በሥራ ቀን በጄኔቫው ዓለም አቀፍ የሥራ ቢሮ ጸሐፊ ነበረች። ቅዳሜና እሑድ ሲደርስ ገመዷን ትሸከማለች። በ1935 ከጄኔቫው ሬይሞን ላምቤር ጋር የግራንድ ዦራስ ተራራን ሰሜናዊ ግድግዳ በክሮ ትከሻ በኩል ወጣች። በዚያን ዘመን ይህ ለሴት አይታሰብም የሚባል ነገር ነበር። በ1937 ደግሞ ገና ማንም ያልወጣውን፣ ሰው የሚበላ እየተባለ ይፈራ የነበረውን የአይገር ተራራን ሰሜናዊ ግድግዳ ለመውጣት ከፒየር ቦናን ጋር ተነሳች። የአየሩ ጠባይ ተበላሸ። ተመለሱ።

ይህ መመለስ ትንሽ ነገር አይደለም። ፍርሃትን ማሸነፍ ሲባል ብዙ ጊዜ ወደፊት መሄድ ብቻ ይመስለናል። ቡላዝ ፈሪ ብትሆን ኖሮ ግድግዳው ሥር አትደርስም ነበር። ግን ገደሉ የነገራትን መስማት ታውቃለች። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ወጥታለች፤ በ1952 የዚያኑ የግራንድ ዦራስ የዎከር ትከሻን የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። የሞተችው በ1991 በ83 ዓመቷ ገደማ ነው።

የገመድ ጓደኛዋ ላምቤርም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። በ1938 ክረምት በሞን ብላን ተራሮች ውርጭ ይዞት የእግሩን ጣቶች በሙሉ ተቆረጠ። ሰው «አበቃለት» ሲለው በአጫጭር ጫማ እንደገና መራመድ፣ ከዚያ መውጣት ተማረ፤ የእግር ጣት የሌለው ገላ ሚዛኑን ከዜሮ መማር አለበት። በ1952 የጸደይ ወራት፣ አብዛኞቹ ጄኔቮች በሆኑበት ቡድን ውስጥ ከቴንዚንግ ኖርጌይ ጋር በኤቨረስት ወደ 8,600 ሜትር ከፍታ ደረሰ። ጫፉ ላይ ለመድረስ 250 ሜትር ያህል ቀርቷቸው ነበር። የኦክስጅን መሣሪያቸው በሚገባ አልሠራም፤ አንዲት እርምጃ ብዙ ትንፋሽ ትበላ ጀመር። ዞረው ወረዱ። በሚቀጥለው ዓመት ቴንዚንግ ከኤድመንድ ሂላሪ ጋር ጫፉ ላይ ቆመ። በ1952 ባይመለስ ኖሮ 1953 አይኖረውም ነበር።

በባዶ እግር

ይህን ጥበብ ለመረዳት ኢትዮጵያዊ አንባቢ ስዊዘርላንድ ድረስ መሄድ የለበትም። በትግራይ ገርዓልታ የአቡነ የማታ ጉሕ ቤተ ክርስቲያን ከአለት ግንብ አናት ላይ ተፈልፍሎ ይገኛል። ምእመኑ ወደዚያ ሲሄድ መጀመሪያ ጫማውን ያወልቃል። ቦታው ቅዱስ ስለሆነ ነው፤ ነገር ግን ባዶ እግር አለቱን ይይዛል፣ ጣቶቹ ቀዳዳውን ይፈልጋሉ። ቀጥ ያለውን ግድግዳ የሚወጡት ከትውልድ እስከ ትውልድ እጅና እግር በዳሰሳቸው መቆናጠጫዎች ነው። መጨረሻ ላይ ግማሽ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ጠባብ መንገድ አለ፤ ከጎኑ 200 ሜትር ገደማ ገደል። እናቶች ሕፃን አዝለው ለክርስትና በዚህ ያልፋሉ።

እንግዳ ሰው ግድግዳው መካከል ደርሶ እግሩ ሲንቀጠቀጥ፣ አብረውት ያሉት የአካባቢው ሰዎች የሚሉት ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። «አይዞህ» ይላሉ፤ እዚያ ላይ ግን አያቆሙም። «ቀኝ እግርህን እዚህ አድርግ፤ እጅህን ከላይ፤ ገላህን ከአለቱ ትንሽ አርቅ» እያሉ አንድ በአንድ ይመሩታል። አንዱ ከሥር ሆኖ ተረከዙን በመዳፉ ይዞ ቀዳዳው ውስጥ ያስቀምጥለታል። አእምሮው ገደሉን ትቶ የአንድ እግር ቦታ ብቻ ያስባል። የፕላንፓሌው አሰልጣኝ «ፊት እግር» የሚለው ይህንኑ ነው።

ብዙዎቻችን ልጅ አጥር ላይ ወጥቶ ስናይ የምንጮኸው ግን «ተው! ትወድቃለህ!» ብለን ነው። ከፍቅር የመጣ ጩኸት ነው፤ ልጁ ሲወድቅ «እኔን!» የምንለውም በዚያው አንጀት ነው። ሆኖም አጥር ላይ ያለ ልጅ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ግራ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ የሚነግረው ሰው ነው። «ትወድቃለህ» ሲባል አእምሮው መውደቁን ብቻ ይሥላል፤ ገላውም እንደ ስኬተሯ ይገተራል። «ፈሪ!» የሚለው ስድብም አይረዳውም። የተሰደበ ልጅ ፍርሃቱን ይደብቃል፤ የደበቀውን ፍርሃት ማንም ሊያለማምደው አይችልም።

በአገው አዊም ሌላ ምሳሌ አለ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ሺዎች በፈረስ ይወጣሉ፣ ይጋልባሉ፣ ይሽቀዳደማሉ። ያን ቀን በጋለበ ፈረስ ላይ ዘና ብሎ የተቀመጠው ጎልማሳ ድፍረቱን ያገኘው በዚያው ቀን አይደለም። ልጅ ሆኖ በግጦሽ ሜዳ ላይ ያለ ኮርቻ ጋልቧል፤ ወድቋል፤ አቧራውን አራግፎ እንደገና ተፈናጧል። በነባሩ ልማድ እርካብ ውስጥ የሚገባው የእግር አውራ ጣት ብቻ ነው፤ የወደቀ ሰው እግሩ በቀላሉ ይለቀቅለታል።

ስኬትቦርዱም አገር ቤት ገብቷል። ኢትዮጵያ ስኬት የሚባለው የወጣቶች ስብስብ ከውጭ በጎ ፈቃደኞች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2016 በአዲስ አበባ የስኬት ሜዳ አስገንብቷል። አንድ ቦርድ ለብዙ ልጆች በተራ ይደርሳል። ተራ መጠበቁም የራሱ ትምህርት አለው፤ ጠርዙ ላይ የሚቆመው ልጅ ከእሱ በፊት የወረዱትን አምስት ልጆች አይቷል፣ ሁለቱ ሲወድቁ፣ ሲነሱም ጭምር። ሴቶች ልጆች ደግሞ የራሳቸውን የስኬት ቡድን መሥርተው ይለማመዳሉ። እነሱ ከጠርዙ ሌላ የአላፊ አግዳሚውን ዓይንም መልመድ አለባቸው፤ አብሮ መሆን እዚህ ላይ እንደ ጉልበት መከላከያ ያገለግላል።

አደጋን በቁጥር

ፍርሃትና አደጋ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። አንዳንዱ የሚያስፈራ ነገር እምብዛም አይጎዳም፤ አንዳንዱ ገዳይ ነገር ደግሞ ጨርሶ አያስፈራም። ስዊዞች በዚህ ረገድ ያደረጉት ነገር አደጋውን በቀለምና በቁጥር መስፈር ነው። ቢጫ ምልክት ያለበት መንገድ ማንም የሚሄድበት ነው። ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ የተቀባው የተራራ መንገድ ጠንካራ ጫማና የማይዞር ራስ ይፈልጋል። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ የሆነው ደግሞ በእጅም የሚወጣበት፣ ለሠለጠነ ብቻ የሚሆን ነው።

የበረዶ ናዳም ከ1 እስከ 5 ደረጃ አለው፤ በዳቮስ ያለው የምርምር ተቋም በክረምት በየቀኑ ያሳውቃል። በናዳ ከሚሞቱት ግማሽ ያህሉ የሚሞቱት በደረጃ 3 ቀን ነው። 4 እና 5 ሲሆን ሰው ይፈራል፣ ከቤቱ አይወጣም። በ3 ግን ሰማዩ ጠርቶ፣ በረዶው አምሮ ይታያል፤ ፍርሃት ዝም ይላል። ቁጥሩ የሚናገረው ያኔ ነው።

በዙሪክ በበጋ ወጣቶች ወደ ሊማት ወንዝ ሲዘሉም ደንብ አለ። የስዊዘርላንድ የነፍስ አድን ማኅበር ከስድስቱ የመዋኛ ደንቦቹ አንዱ አድርጎ ያስቀመጠው፣ ወደ ደፈረሰ ወይም ወደማይታወቅ ውሃ አትዝለሉ የሚለውን ነው። በክረምት ወንዝ ዳር ያደገ የአባይ ወይም የጣና ልጅም ይህን ከታላላቆቹ ሰምቶታል፦ ገብተህ ጥልቀቱን ሳትለካ፣ ግንድና ድንጋይ እንደሌለ ሳታይ በራስህ አትወርወር። መዝለል የማይፈራ ልጅ ጎበዝ ነው፤ ከመዝለሉ በፊት ገብቶ በእግሩ የዳሰሰውን ልጅ ግን ነገም ወንዙ ዳር እናገኘዋለን።

ፕላንፓሌ ላይ መሽቷል፤ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎቹ ስኒዎቻቸውን በጋዜጣ እየጠቀለሉ ነው። ልጅቱ ለሰባተኛ ጊዜ ጠርዙ ላይ ወጥታለች። የግራ መከላከያዋ ፕላስቲክ ተፍቆ ነጭ ሆኗል፤ ሱሪዋ ዳሌዋ ላይ አቧራ ለብሷል። ትንፋሿን ረዘም አድርጋ አወጣች። የፊት እግሯ ብሎኖቹን አገኘ። ትከሻዋ ከእግሯ ቀድሞ ወደ ቁልቁለቱ ሄደ፤ ጎማዎቹ ኮንክሪቱን ጠቅ አድርገው ሲነኩት ጉልበቷ ታጠፈ፣ ቦርዱም ከሥሯ ሳይወጣ በገንዳው ወለል ተንደርድሮ ማዶውን ግድግዳ ገሚስ ወጣ። ጓደኞቿ ቦርዳቸውን ኮንክሪቱ ላይ እየደበደቡ ጮኹላት።

ሁለት ጊዜ ደገመችው። ከዚያ ቦርዷን በብብቷ ይዛ ጥልቁ ወዳለበት ወደ ሌላኛው ገንዳ ሄደች፤ ጠርዙ ላይ ቆማ ወደ ታች ስታይ ጉልበቷ እንደገና ተብረከረከ። ዛሬ አልወረደችም። ጥቂት ቆማ ቁልቁለቱን ስትለካው ቆየችና መከላከያዎቿን ፈታ ወደ ትራም ፌርማታው አመራች።